በሬው ለማን ታረደ?

አሜሪካ ኮሌጅ ስገባ «የቡድሂዝም መግቢያ» የሚባለውን ኮርስ የወሰድኩት ለነፍሴ አስቤ አይደለም። ከሌሊት የፓርኪንግ ሥራዬ ጋር የማይጋጭ ሰዓት የተገኘለት እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከታተሉ» አለችን። አጠገቤ የተቀመጠው፣ መቁጠሪያ በአንገቱ ያጠለቀው ፈረንጅ ደቂቃ ሳይሞላው ስልኩን በስርቆሽ ያይ ጀመር። እኔ ደግሞ ባዶ መኪና ስጠብቅ ያደርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ጥልቁ ውስጥ ገባሁ። ስነቃ ለክፍሉ ምሳሌ ሆኜ ነበር። ደግነቱ አላንኮራፋሁም።

ሁለተኛው ክብር የመጣው በቡድሃ ታሪክ በኩል ነው። ልዑል ሲድሃርታ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን እንዳያይ አባቱ በቤተ መንግሥት አጥሮ አሳደገው፤ እሱ ግን ወጥቶ ሁሉንም አየና መነነ። ይኸው ታሪክ ከህንድ ተነሥቶ፣ በፋርስና በዓረብ አገር ዞሮ፣ መንገድ ላይ ክርስትና ተነሥቶ «በራላምና ይዋስፍ» ተባለ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሳትቀር ሁለቱን ከቅዱሳን መዝገቧ አስገብታ ኖቬምበር 27 ታስባቸው ነበር። አስተማሪዋ ቀጠለችና «እ.ኤ.አ. በ1553 የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት» ስትል ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አባ እንባቆም የሰፈራችን ሰው ይመስል በኩራት አንገቴን ነቀነቅኩ።

ፈተናውን አልፌ በዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት፣ እምድብር ገባሁ። ዕድሜውን መርካቶ የነገደው አጎቴም እንደ ወጉ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል።

«ምን ተማርክ?» አለኝ።

«የመከራ ሁሉ ሥሩ ምኞት ነው ይላል፣ ጋሼ።»

«ምኞት ከጠፋማ ማን ይገዛል?»

«መውጫው ደግሞ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው።»

«ስምንት? መጨረሻው ስንት ነው?»

የቡድሃ መነኮሳት ከቀትር በኋላ እህል እንደማይቀምሱ ስነግራት አክስቴ ገረማት። «የኛዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የነሱ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጾማሉ። ጎረቤት ቢሆኑ እኮ ምድጃው አይበርድም ነበር!»

ክትፎው በጣባ ቀረበ፤ ቆጮው ተቆረሰ። ዝም ብሎ መጉረስ ሲቻል፣ የተማረ ሰው መቼ ዝም ይላል? ሥጋ የሚቀበሉት መነኮሳት እንኳ እንስሳው ለእነሱ ተብሎ መታረዱን ካዩ፣ ከሰሙ ወይም ከጠረጠሩ እንደማይበሉ አስረዳሁ። እጆች ጣባው ላይ ቆሙ። ሁሉም አጎቴን አየ። እሱም የጆካ ሸንጎ ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና ፈረደ።

«በሬው የታረደው ለመስቀል ነው፤ ላንተ አይደለም። ብላ።»

«ግን ጋሼ፣ የበሬውን ገንዘብ የላክሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ደረሰኝ አለህ?»