ስለ ፒካፕ መንበርና ማዕረግ

በአሜሪካ ምድር ቀድሞ ድርቆሽና የአጥር እንጨት እንዲሸከም የተፈጠረው ፒካፕ፣ ዛሬ ተሳፋሪን በየማዕረጉ ለማስቀመጥ በመብቃቱ፣ ገዢው አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ጭነቱ ሳይሆን ስለ መቀመጫው ነው። ፎርድ ኤፍ-150ን ብንመለከት፣ ባለ አንድ ረድፍ ጋቢናው እስከ 8 ጫማ የሚደርስ የጭነት ሣጥን ሲሸከም፣ ባለ አራት በሩ ሱፐርክሩ ግን ለኋለኞቹ ተሳፋሪዎች እግር መዘርጊያ ይሰጥ ዘንድ ሣጥኑን እስከ 5 ጫማ ተኩል ያሳጥረዋል፤ ጭነት አቤት ባይ ስላልሆነ ፍርዱ ጸንቷል።

በሱፐርክሩ ከፊት ሦስት ሰው የሚይዘውን አግዳሚ ወንበር የመረጠ ስድስት ነፍስ ያሳፍራል፤ ይሁንና የመካከለኛው መደገፊያ ታጥፎ ሲወርድ የኩባያ ማስቀመጫ ስለሚሆን፣ በዚያ የሚቀመጠው ምስኪን ስለ ርስቱ ከቡና ጋር መሟገት ግድ ይሆንበታል። ባለጸጎቹማ ይህን ሙግት አያውቁትም፤ ሁለቱ የፊት ወንበሮቻቸው እንደ ሊቃነ ጳጳሳት መንበር ተለያይተው ተቀምጠዋል። ከፈረንጆቹ 2021 ሞዴል ወዲህም በውድ ውዶቹ ላይ ወንበሩ 180 ዲግሪ ገደማ ተንጋሎ አልጋ እንዲሆን ተፈቅዷል፤ የሥራ መኪና ነውና፣ ሠራተኛው ይረፍበት ተብሎ ይሆናል። ሲሚንቶውን እንደሆነ ሻጩ በራሱ መኪና ያደርሰዋል።