እኔ ስሄድ

መንገድ ያለበት ሰው ለማንም አይናገርም የሚባለው ቡዳ ተፈርቶ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚፈራው ምክር ኖሯል።

ባለፈው ሰኔ ለአንድ ሳምንት ሮም ልሄድ መሆኔ ከአፌ አመለጠኝ። ስብሰባ የለኝም፣ የጋበዘኝ የለም፣ ለሕክምና አይደለም፣ የምጠይቀው ዘመድም የለኝ። በገዛ ገንዘቤ፣ ብቻዬን፣ ከተማ ለማየት ነው የምሄደው። «ለማየት?» አሉ ጡረተኛው ጎረቤቴ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየሰቀሉ። «ምን ልታይ?» መልስ አልነበረኝም። መልስ እንደሌለኝ ሰፈሩ ሲያውቅ፣ ለኔ ማሰብ የሱ ድርሻ እንደሆነ ተረዳና ምክር ጀመረ። ምክሩ ሁሉ የሚከፈተው በሁለት ቃል ነው፤ «እኔ ስሄድ…»

እነዚያ ሁለት ቃላት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጡም። «እኔ ስሄድ» የሚል ሰው የሄደው እርስዎ ወደሚሄዱበት አይደለም። ሌላ አገር ነው፣ በሌላ ወቅት፣ በሌላ ጉዳይ። እሱ ግን ውጭ አገር የሚባል አንድ ትልቅ ግቢ ያለ ይመስለዋል። በሩን አንዴ ካወቁት ውስጡ ሁሉ ያው ነው።

የባለቤቴ ጓደኛ ልብስ ለማምጣት ዱባይ የምትመላለስ ናት። «እኔ ስሄድ ስልኬ ሞቶ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋሁ። አዳፕተር ሳትይዝ ንቅንቅ እንዳትል! ባለሦስት እግሩን፣ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን» አለችኝ። መርካቶ ወርጄ ገዛሁ። በዱባይ እውነቷን ነው፤ እዚያ የሚሠራው እንደ እንግሊዞቹ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግሩ ነው። የጣልያን ግን እንደኛው ክብ ነው። «ስፒና» የሚለውን ቃል ራሱን ከማን እንደወሰድን ትዝ ቢለኝ ኖሮ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ፣ ከገዛሁ በኋላ ቢሆንም፣ መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ ነው። እሱ የትም ሄዶ ስለማያውቅ «እኔ ስሄድ» አላለኝም፤ ለዚህም ይሆናል ከሁሉ የወደድኩት። «ጋሼ፣ ለቋንቋው ምን አሳሰበህ? ጣልያንኛ አይደል እንዴ የምናወራው?» አለና ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባልስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ። እውነትም ሀብታም ነኝ። ሮም ውስጥ መኪና ይበላሽብኝ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ችግሩ መኪና አልያዝኩም። ዳቦ ለመግዛት ደግሞ ፍሪሲዮን አይጠቅምም።

አንዱ ወዳጄ የሮምን ቡና ዋጋ ዘረዘረልኝ። ሮምን የሚያውቃት በትራንዚት ነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ ከኤርፖርቱ ሳይወጣ ተቀምጦ። ከተማው ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ተቀምጦ ከሚያዘው በርካሽ እንደሚጠጣ አልነገረኝም፤ እሱ የጠጣው ተቀምጦ ነዋ። ሌላው ስለ ኪስ አውላቂ አስጠነቀቀኝ፤ በተለይ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ። ይህኛው ትክክል ነው፤ አውቶቡሱ በዚህ ሥራው ስመ ጥር ነው። ግን እኔ አውቶቡስ ተራ ነው ያደግሁት። ለኔ ስለ ኪስ አውላቂ መንገር ለመተማ ሰው ስለ ሙቀት እንደ መንገር ነው።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ዋናው መከራ የመጣው በሰዓት በኩል ነው።

ቲኬቱ «ሐሙስ 00:15» ይላል። ይህችን ለመተርጎም ሦስት ቀን ፈጀብን። በኛ ቤት ሐሙስ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጨለማ የረቡዕ ንብረት ነው፤ ስለዚህ በረራዬ ረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ለፈረንጅ ግን ቀን የሚለወጠው ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ምስክር በሌለበት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው የአንድ ዘመዳችንን ታሪክ አነሱ። ዘመዳችን ቲኬቱ ሐሙስ ስለሚል ሐሙስ ማታ ዶሮ ተሠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሁለት ሚኒባስ ሸኚ አስከትሎ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ሸኚው መኪና ማቆሚያው ላይ አልቅሶ ጨርሶ ስለነበር ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ቤት ተመለሱና የተረፈውን ዶሮ በሉ። ዘመዳችን በሁለተኛው ጊዜ ሲሄድ የሸኘው ባለታክሲው ብቻ ነው አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሌላ ጎረቤቴ፣ እትዬ፣ የፈረንጅን ሰዓት ወደኛ ለማምጣት «ስድስት ቀንስ» አሉኝ። በር ላይ የቆመው ባለታክሲ ደግሞ «ኧረ ስድስት ነው የሚጨመረው!» አለ። ሁለቱም ልምድ ጠቀሱ፤ ሁለቱም ለካንስ ሲሄዱ አይተዋል። ሊካረሩ ሲሉ የግድግዳ ሰዓት አውርጄ አስታረቅኳቸው። ከየትኛውም ቁጥር ተነስተው ስድስት ቢጨምሩም ስድስት ቢቀንሱም የሚያርፉት ፊት ለፊቱ ባለው ቁጥር ላይ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። እርቁ ግን ዜሮ ላይ ሲደርስ ፈረሰ። «ከዜሮ ላይ ስድስት እንዴት ይቀነሳል?» አሉ እትዬ። እውነት ነው፣ የኛ ሰዓት ዜሮ አያውቅም። አሥራ ሁለት ካለቀ አንድ ይመጣል፤ በመሃል ምንም ያልሆነ ሰዓት የለም።

ስለ ሰዓት ይህን ያህል ማውራቴ ካሰለቸ ይቅርታ። እኔም ሰልችቶኛል፤ ግን አልጨረስኩም።

ቀጥሎ የመጣው «ኤርፖርት ከሦስት ሰዓት በፊት ድረስ» የሚለው ነው። ልብ ብለው ያንብቡት። ሦስት ሰዓት ሲቀረው ድረስ ማለት ነው? ወይስ ሦስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት? በአማርኛ ሁለቱም ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ያለ ሰዓቱ ቦሌ ተገትሮ እንዳደረ እግዜር ይቁጠረው። በኔ ዕድል ግን በረራው ስድስት ሰዓት ከሩብ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ሲቀረው የሚደርስም፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የሚደርስም በሩ ላይ ይገናኛሉ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «ሦስትማ አይበቃም፤ እኔ ስሄድ ሰልፉ…» ብሎ አንዱ አራት አደረገው። ሌላው አምስት አለ። አጎቴ «ለምን ከጠዋቱ አትወጣም?» አሉ። የሁሉንም ብሰማ ኖሮ ማክሰኞ ነበር ቦሌ የምከትመው።

እስካሁን ያልኩት ለጨዋታ ነው። አሁን የምለው ለጨዋታ አይደለም።

ውጭ አገር የሚኖር፣ የዚያውን አገር ፓስፖርት የያዘ አንድ ወዳጅ አለኝ። ወረቀት ስሰበስብ ከርሜ ደክሞኝ ሳለ ደወለ። «እኔ ስሄድ እቅድ የሚባል ነገር የለኝም። ርካሽ ቲኬት ሳገኝ ዓርብ ማታ ቆርጬ እነሳለሁ። አንተ ነገር ታበዛለህ፣ ዘና በል እንጂ!» አለኝ። ዘና በል! የኔን ወገን ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአንድ ሳምንት ሮም ለማደር 90 ዩሮ የማመልከቻ ይከፍላል፤ ቢከለከል አይመለስለትም። የሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ መሆን አለበት። የባንክ ወረቀት፣ የሆቴል ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያቀርባል። ደብዳቤዬ በ2017 የተጻፈ ስለሆነ የስምንት ዓመት አሮጌ እንዳይመስል አስተረጎምኩት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ለኛ አገር ሰው መደበኛው የመልስ ጊዜ 15 ቀን መሆኑ ቀርቶ 45 ቀን እንዲሆን ወስኗል። ምክንያቱ መንግሥታት ሰው በማስመለስ ጉዳይ አለመስማማታቸው ነው። እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ ቆርጬ ልነሳ? ዓርቡ ይቆጠርልኝና ስድስተኛው ሳምንት አልፎ ነው የምነሳው፣ ያውም ከተፈቀደልኝ።

ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡም ቀኑም አይደለም። ኢንሹራንሱ እዚያ ብሞት ሬሳዬ የሚመለስበትን ወጪ ጭምር እንዲሸፍን ይፈለጋል። ገዛሁ፤ ሬሳዬ እንደሚመለስ ዋስትና አለኝ። በእግሬ እንደምመለስ ግን በምን ላሳምን? ሚስት አለችኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ያላለቀ የእቁብ ዕጣ አለኝ። እቁብ ያልደረሰው ሰው አገር ጥሎ እንደማይጠፋ የሚቀበል ፎርም የለም። «ዘና በል» የሚለውን ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እስካሁን መልሼ አልደወልኩም። መደወል ይኖርብኛል፤ ደግ ሰው ነው፣ ያኔም የደወለው በራሱ ካርድ ነው።

ተፈቀደና ሄድኩ። ረቡዕ ሌሊት።

ፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚጻፈው የአያት ስም ስለሆነ ሆቴሉ ውስጥ የጠሩኝ በአያቴ ነው። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ጣልያንን በአምስቱ ዓመት ዱር ለዱር ያሳደዱም የተሳደዱም። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በትሕትና «ሲኞር» ብሎ ስማቸውን ሲጠራና ቁልፍ ሲሰጣቸው እኔ ጣልቃ የገባሁ መሰለኝ። ዞር ብዬ ላያቸው ምንም አልቀረኝም።

በማግሥቱ ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ ሄድኩ። የጡረተኛው ጎረቤቴ ጥያቄ፣ «ምን ልታይ?» የሚለው፣ መልስ ያገኘው እዚያ ነው፤ የሌለ ነገር ላይ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ አሁን የለም። ቆሜ ሳየው ሻንጣዋ አራት ቀን ዘግይቶባት «እኔ ስሄድ» ብላ ያስፈራራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ታወሰችኝ። ይኼ ሐውልት የሚባለው ሻንጣ እኮ በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ሊመለስ የተፈረመበት ነበር። የተመለሰው በ2005 ነው፤ 24 ሜትሩ በሦስት ተከፋፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ምልልስ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የዘገየ ሻንጣ! ሲደርስም ወዲያው አልተከፈተም፣ ሌላ ሦስት ዓመት ተኝቶ በ2008 ቆመ። ለባልደረባዬ ፎቶ አንስቼ ላኩላት። «ይሄ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ።

ማታ ሆቴሌ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ እናቴ ደወለች።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

የሮም ሰዓት 20:30 ይላል። ስድስት ቀነስኩ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። ባለታክሲው እንዳለው ጨመርኩ፤ ያው ሁለት ሰዓት ተኩል። በሰኔ የሮም ሰዓት ከኛው በአንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር እሷ ዘንድ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሁሉም ልክ ገጠመ። በኩራት «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«በል እንግዲህ ጨልሟል፣ ግባ!»

«አልጨለመም፤ ፀሐይ አለ።»

ዝም አለች። እውነቴን ነው፤ በሰኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፊት ለፊቴ ጣሪያው ላይ ቢጫ ሆና ተኝታለች። ግን በእናቴ ሕይወት ሙሉ አንድም ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ታይቶ አያውቅም።

«ምን ጠጥተሃል?» አለችኝ።

«ውሃ። መንገድ ላይ ቧንቧ አለ፣ በነፃ ነው፣ ቀን ከሌት ይፈሳል…»

«የመንገድ ውሃ ጠጣህ?»

«ንጹሕ ነው፣ እማዬ፤ የከተማው ሰው ሁሉ…»

«ልጄ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፀሐይም ቢኖር አትመነው። ግባና በሩን ቆልፍ።»

እናቴ ከአዲስ አበባ ወጥታ የምታውቀው ኩክ የለሽ ማርያም ለመሳለም ብቻ ነው። ተነሥቼ ገባሁ። መስኮቱን ግን ክፍት አድርጌው ነበር። ስልኬ ሊዘጋ ሲል አዳፕተሩን ከሻንጣዬ አወጣሁትና ከነሦስት እግሩ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ነፋሱ መስኮቱን እንዳይዘጋው።