«እኔማ ድሮም አውቀው ነበር»

የዘመኑ የሙዚቃ አዋቂ ለመሆን ብዙ አይጠይቅም። ስልክ ላይ የድሮውን የዋልያስ ባንድ ሙዚቃ መክፈትና «የዛሬዎቹማ ምናቸው ይሰማል» ማለት ይበቃል። እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። ያዘዘው ማኪያቶ እስኪመጣ ድረስ ያሉንን ወጣት ድምፃውያን በሙሉ ጨርሶ ይቀብራቸዋል። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ «ሙዚቃቸው በማሽን የተቀቀለ» መሆኑ።

ስለ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ስለ ኃይሉ መርጊያ ሲነሳ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ፣ አርቲስት ኃይሉም ቀሩ፤ ኋላም ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። በዚያች ሐበሻ በሞላባት ከተማ ስንቱ የአገር ልጅ ሻንጣውን አስጭኖ፣ «ዛሬ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቷል» ብሎ ተነጫንጮ ወርዶ ይሆን?

ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴታቸውን ባሕር ዳር ላይ አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። የፈረንጅ ጋዜጦች ጻፉ፣ የአውሮፓ መድረኮች ተከፈቱ። ካሴቱ የነበረው ባሕር ዳር ነው። እዚያ የነበርነው ደግሞ እኛ ነን። ይህንን ለወዳጄ ብነግረው ኮራ ብሎ «እኔማ ድሮም አውቀው ነበር» አለኝ። ያኔ ገና አልተወለደም።

ይባስ ብሎ በዚያ ካሴት ላይ ከበሮ መቺ የለም፤ ምቱ የማሽን ነው። አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም የተጫወቱት አንድ ሰው፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና «የእሳቸው ማሽን ነፍስ አለው» ብሎ ፈረደ።

የዋልያስ ባንድ ዘመን ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ጊታርና ኪቦርድ ይዞ የመጣውን ትውልድ በእልልታ አልተቀበሉትም። «ይኼ ጩኸት ነው ዘፈን?» ተብሎ የተዘጋ ሬዲዮ ብዙ ነው። ያ ጩኸት ነው ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ተብሎ በፈረንሳይ ሲዲ ተመልሶ የሚሸጥልን።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሰፈርህ ምሽት ቤት ዛሬ ማታ የሚጫወት ስም የለሽ ልጅ ካለ፣ ፈረንጅ ሳይቀድምህ መግቢያውን ከፍለህ ግባ። ወሬህንም ቀነስ አድርገህ ስማው።