«መብራቱን አጥፉት»፦ በአንድ ቆጣሪ ስለሚተዳደሩ ግቢዎች የቀረበ ጥናት

በአዲስ አበባ የግቢ ኑሮ ውስጥ ከምሁራን ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ አንድ ሥርዓት አለ፤ ማታ ከመኝታ በፊት የሚደረገው የአምፖል ዑደት። የግቢው ባለቤት ነጠላቸውን ተከናንበው ከበረንዳው ይነሡና በሽንት ቤቱ በኩል እስከ አጥር በሩ ይዞራሉ። ዑደቱ በዝምታ ይፈጸማል። ዝምታው የሚሰበረው ብርሃን በሚታይበት መስኮት ሥር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ዛሬም አብርተሽ ልታድሪ ነው?»

«እያጠናሁ ነው እትዬ።»

«ቀን አይጠናም?»

ይህ ጥናት የሚመለከተው አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ የሚያገለግልባቸውን ግቢዎች ነው። በእነዚህ ግቢዎች ዓላማው ግልጽ ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚመጣውን የመብራት ሒሳብ መቀነስ። ለዚህ የታወቀው መሣሪያም አንድ ብቻ ነው፤ ማጥፊያው። የሚያበራ ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ የማያበራ ነገር በነፃ ይሰናበታል። ኮረንቲ በአይን ይበላል የሚል የተጻፈ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን አልተገኘም፤ ግቢው ግን የሚተዳደረው በእሱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በመጀመሪያ የስልክ ቻርጀር ነው። ተከራይ ስልኩን ሰክቶ ከተኛ በማግስቱ ሙሉ ግቢው ያውቃል። አንድ ዘመናዊ ስልክ ባትሪው ባዶ ሆኖ እስኪሞላ የሚወስደው 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑ ቢሞላ፣ ቻርጀሩ በሙቀት የሚያባክነው ተጨምሮበት፣ የዓመት ድምሩ ከ7 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቁጥሩ ይያዝ፤ በኋላ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ የምትቀረው ቀይ መብራትም እንዲሁ ብዙ ተሳድዳለች።

ፍትሕ ለማጓደል እንዳይሆን፣ ዑደቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የቀድሞው ክብ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚቀይረው ከመቶ 5 ያህሉን ነበር፤ ቀሪው ሙቀት ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል አምስት ክፍል ውስጥ አምስት ሰዓት ሲበራ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በዚያ ዘመን መስኮት ሥር ቆሞ «አጥፉት» ማለት ኢኮኖሚክስ ነበር። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት አሮጌ አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነፃ አደለ፤ ቀጥሎም ኤልኢዲ መጣ። እነዚያው አምስት ክፍሎች ዛሬ በባለ 9 ዋት አምፖል ለዚያው አምስት ሰዓት ቢበሩ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት በታች ይበላሉ። አምፖሉ ተቀየረ፤ የዑደቱ ሰዓትም፣ መንገዱም፣ ቃሉም አልተቀየረም።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በግቢው ውስጥ ልዩ መብት ያለው ዜጋ ነው። ከሸክላው በታች የተጠማዘዘ ሽቦ አለው፤ ሲሰካ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሲሠራ ግን አንዲት ጭላንጭል እንኳ አያወጣም። በዑደቱ ዓይን ስለዚህ የለም። አማካዩን 3.5 ብንይዝ፣ ምጣዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወስደው ያችን ተማሪ ያስወቀሰውን ባለ 9 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ለ16 ቀናት ያበራል። የዓመቱን የስልክ ቻርጅ ደግሞ ምጣዱ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ አብሲቱ በደንብ ከተጣለና እንጀራው ዐይን ካወጣ ማንም በዚህ አይቆጭም።

እዚህ ላይ ጥናቱ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፤ እውነተኛው የኃይል ቁጠባ ዕውቀት የሚገኘው እዚያው ምጣዱ አጠገብ፣ ማንም «ቁጠባ» ብሎ በማይጠራው ሥራ ውስጥ ነው። ሸክላው እስኪግል ድረስ እንጀራ የማይወጣበት ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜ በከንቱ የሚከፈልበት ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል፤ ጎረቤትም ሊጧን አዘጋጅታ «እንደጋለ ልቀጥልበት» ብላ ትመጣለች። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ማጥፊያው ከተነካ በኋላ ይበስላሉ። አክንባሎውን በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት ሙቀቱን ወደ ጣሪያ መሸኘት ነው። ይህን ሁሉ የምታውቀው እናት ስለ ቴርሞዳይናሚክስ ብትጠየቅ «ምን አውቄ» ትላለች፤ ከዚያ ወጥታ አምፖል ታጠፋለች።

በበዓል ዋዜማ ሁኔታው ይባባሳል። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፤ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። የምጣድ ጉልበት በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚቀንሰው፤ ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። እንጀራው ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ሸክላው በጎንና በታች የሚያፈሰው ሙቀት ይበዛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ የምትጋግር ሴት እንቅልፍ የጠላች ሳትሆን ፊዚክስ የተከተለች ናት።

የውኃ ማሞቂያው ጉዳይ ባጭሩ ይታለፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በባለቤቶቹ ቤት ብቻ ስለሆነ መረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሳይጠፋ ከዋለ ደግሞ የቀዘቀዘውን እየደጋገመ ያሞቃል። ይህ መሣሪያ የምታበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ ከዑደቱ ያመለጠችው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ስለሆነች ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ ክፍፍሉ ይጀምራል። በነፍስ ወከፍ የሚያካፍሉ አሉ፤ በክፍል፣ በአምፖል፣ ፍሪጅ ላለው ተጨማሪ፣ ካውያ ለያዘ ማስጠንቀቂያ። የሁሉም ስሌት ውጤት ተደምሮ ከደረሰኙ ጋር እኩል ሲሆን አይታይም፤ የባለቤቶቹ ድርሻም በየትኛውም ቀመር «አንድ አምፖል» ነው።

ከክፍፍሉ በላይ ትልቁ ኪሳራ ግን ያለው ቆጣሪው ራሱ ውስጥ ነው። ለ12 ዓመታት ያህል ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በቀድሞው 27.3 ሳንቲም እንዲቆይ ተደረገ፤ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን ደረጃ በደረጃ ወደ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ወጣ። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተከትሏል። ዋጋው በደረጃ መሆኑ ድሃውን ለመጠበቅ ነው። ቆጣሪው ግን አባወራ አይቆጥርም። እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚጠቀሙ ስድስት ቤቶች ባንድ ቆጣሪ ሲደመሩ አንድ ትልቅ ሀብታም ይሆናሉ፤ ዋጋቸውም የሀብታም ይሆናል። ያም ሆኖ ተማሪዋ በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ብታበራ እንኳ፣ በዚያ በላይኛው 2.48 ብር ተሰልቶ፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ሳይቆጠር ወጪዋ በወር 7 ብር አይሞላም።

እንግዲህ ሒሳቡ የከበደበት አንባቢ አምፖሉን ትቶ ምጣዱንና ማሞቂያውን ይከታተል፤ ከተቻለም ለየቤቱ የራሱ ቆጣሪ እንዲገባ ይጠይቅ። ተከራይ ከሆነ ግን ይህን ጥናት ለባለቤቶቹ ከማንበቡ በፊት ውሉን አውጥቶ ቀኑን ይመልከት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ስላኮረፈ አከራይ የሚደነግገው ነገር የለም።