የአርባዎቹ አርበኞች

አርባ ዓመት የሞላው የአዲስ አበባ ወንድ አብሮ አደጉን ማየት ሲያምረው ቤቱ ሄዶ በር አያንኳኳም። በር ማንኳኳት የልጅ ሥራ ነው። ትልቅ ሰው መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፍታል፤ ቀጥሎ ተራራ ይመርጣል። «ወጨጫን እንውጣ!» ይላል አንዱ። ሁሉም በአውራ ጣት ምልክት ይስማማሉ፤ ቀን እስኪቆረጥ ዐቢይ ጾም ገብቶ ይፈታል።

«ለመገናኘት ተራራ ምን አስፈለገ? ቡና አይበቃም?» የሚሉ አሉ፤ በተለይ ሚስቶች። የወንድነት ምስጢር አልገባቸውም። ሁለት ጎልማሶች ያለ ምክንያት ቁጭ ብለው ቢተያዩ ሰው ምን ይላል? ተናፍቀው ነው ይባላላ! ከዚህ ሐሜት ያውጣን። ተራራ ሲኖር ግን የተገናኙት ለጤና ነው፣ ለኮሌስትሮል ነው።

ለዝግጅቱ አይሰሰትም። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ጥንድ ምርኩዝ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ይገዛል። የሚዘመትበት አገር ሰበታ ነው፤ ከመሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ይባስ ብሎ በ2015 ዓ.ም. ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እንግዲህ ጀግኖቻችን ይህን ሁሉ ታጥቀው የሚገቡት ክፍለ ከተማ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወዳጆች ከአዲስ አበባ ተነሥተው አድዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር መጓዝ ጀምረው ነበር። እነዚያ ምናልባት መኪና ማቆሚያ ቸግሯቸው ይሆናል።

ቀጠሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ ይጀመራል። የሰፈሩ እረኛ በላስቲክ ጫማ እየዘለለ ይመራቸዋል። ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ከነሸክማቸው ጥግ ይዘው መንገድ ይለቁላቸዋል። ጀግኖቹ ቆመው ከንፈር ይመጣሉ፤ በዚያውም ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

ከዚያ ሱባ ደን ይደረሳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን ነው። እንዲህ ባለ ጥላ ሥር የቆመ ወንድ ስለ ምን ያወራል? ስለ መሬት ዋጋ። ቀጥሎ ስለ መኪና፣ ቀጥሎ ስለ ዶላር። ዝንጀሮዎቹ ሳይቀሩ የምንዛሪውን ነገር ሰምተው ቅርንጫፍ ይቀይራሉ።

ቡራዩን የመረጠው ቡድን ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ በውሃው ይደነቃል። መደነቁ ከልብ ነው፤ ግድቡ ውሃ የሚልከው ለአዲስ አበባ ሆኖ ሳለ ውሃው እነሱ ቤት የሚመጣው በፈረቃ ነው። በሱሉልታ በኩል የወጣው ደግሞ ፈተናው ይከፋል። አገሩ የሯጮች ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ መም ያሠራውም እዚያው ነው። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሷል። የእኛዎቹ በዚያው ጊዜ ከመኪና ወርደው የቡድን ፎቶ ይነሣሉ፤ ያውም የሁሉም ሆድ ወደ ውስጥ እስኪሳብ ስለሚጠበቅ ደጋግመው።

ስለ ጨዋነታቸው ግን ልመስክር። ከመካከላቸው አንዱ ከትዳሩ ተለያይቶ፣ ብቻውን ቤት ተከራይቶ ይኖራል እንበል። ሁሉም ያውቃሉ። ማወቃቸውን እሱም ያውቃል። ቀኑን ሙሉ አብረው ሲሄዱ አንድም ሰው «አንተ ግን እንዴት ነህ?» ብሎ አያዋርደውም። የልብ ወዳጁ ብቻ ጠጋ ብሎ ትከሻውን መታ ያደርግና፣ «ጫማህን የት ገዛኸው?» ይለዋል። «መርካቶ» ይላል ሰውዬው፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሁለቱም ሽቅብ ያያሉ። ሴቶች ቢሆኑ ኖሮ ገና አየር ጤና ሳይደርሱ አልቅሰው፣ ተሳስቀው፣ ጠበቃም ቀይረው ነበር። የወንድ ልጅ ቁም ነገር ግን ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ሳይነካ ይወርዳል።

መውረዱም ዝም ብሎ አይደለም፤ ሥጋ ቤት አለ። ሰበታ የሜታ ቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ከዘመቻው በኋላ ውሃ መጠጣት ነውር ይሆናል። ቁርጡ በኪሎ ይታዘዛል፤ ወጨጫ ላይ የተራገፈው ጮማ ከነአዋዜው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ አንጀት የሚበላ ትግል ይነሣል። «በእናቴ ሞት!» «እኔ ቆሜ?» እየተባለ እጅ ይጠመዘዛል፣ አስተናጋጁ መሀል ይገባል። ቀኑን ሙሉ ወንድ ወንድን የሚያቅፈው ይህችኑ ወረቀት ለመቀማት ነው። በር ላይ «እንደዋወላለን!» ተባብለው ይለያያሉ። ማንም አይደውልም።

ለከርሞ ራስ ዳሸን ታቅዷል። እኔ ዕቅዱን በስሌት እደግፈዋለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ወጨጫ ጫማው የተገዛበትን ሱቅ ለመጠየቅ አብቅቷል። ከ4,500 ሜትር የሚያልፈው ዳሸን «ልጆች ደህና ናቸው?» ሊያሰኝ ይችላል። ስለ ፍቺው ለመጠየቅ ግን 8,849 ሜትር ሽቅብ ኤቨረስትን መውጣት ግድ ነው። ለኔፓሉ ጉዞ ከወዲሁ መዋጮ እንዲጀመር ግሩፑ ላይ ሐሳብ ቀርቧል፤ ሰውዬው የተከራየው ቤት ከሐሳብ አቅራቢው ቤት በአንድ ታክሲ ይደረሳል።