የሟች አቶ ሄሚ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ ወዳጆች፣ እንዲሁም ማርሚታችሁን አስፈትታችሁ ሰፈር ስታውኩ የኖራችሁ አድናቂዎች፤ እንደ ወጉ የሕይወት ታሪካቸውን ላንብብላችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ሟችም ፈረንጅ ናቸው።

አቶ ሄሚ፣ የዶጅ ቻርጀርና የዶጅ ቻሌንጀር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ከክራይስለር ቤት ተወለዱ። እኛ አገር «ቪኤይት» ሲባል ቀድሞ የሚታየን ሹም የጫነ ላንድክሩዘር ነው፤ ሟች ከዚያ ወገን አይደሉም፤ ሹመትም ፈልገው አያውቁም። በወጣትነታቸው፣ በ1964፣ በዴይቶና 500 ውድድር ሪቻርድ ፔቲን አንደኛ አስወጡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውንም ቦታ ለሌላ ሳያስነኩ ያዙ። የውድድሩ አዘጋጅ ናስካርም በሚቀጥለው ዓመት በውድድር ደንብ አሳቦ ከሜዳ አራቃቸው። እስከ 1971 በየጎዳናው ሲያገሡ ኖረው ድንገት ጠፉ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የተረሱ መስለው ሳለ፣ በ2003 በራም ፒካፕ ኮፈን ውስጥ 5.7 ሊትር ሆነው ተገኙ። አስተውሉ፤ ሟች መሞት የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

ከድንኳኑ በላይ የተሰቀለው ባንዲራ የአሜሪካ ነው፤ ለቀስተኛውም «የአሜሪካ ልጅ» እያለ ደረቱን ይመታል። አልከለክልም። ግን የሕይወት ታሪክ እያነበብኩ ነውና የትውልድ ነገር አይዘለልም። ልባቸው የተሠራው ሜክሲኮ፣ ሳልቲዮ ነው። አካላቸው የተገጣጠመው ካናዳ፣ ብራምፕተን ነው። የኋላ እግራቸው አሠራር፣ ክራይስለር በጀርመኖች እጅ በነበረበት ዘመን፣ ከመርሴዲስ የተቀዳ ነው። በመጨረሻ ዕድሜያቸው ያስተዳድራቸው የነበረው ስቴላንቲስ ደግሞ የተመዘገበው ኔዘርላንድ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው አሜሪካዊነት ድምፃቸው ነበር፤ እሱም ቀላል አልነበረም።

ጉልበታቸው እያረጁ ሲሄዱ የሚጨምር ብርቅ ፍጥረት ነበሩ። በ2014 ሄልካት በሚል ስም 707 የፈረስ ጉልበት ይዘው ወጡ፤ በሞቱበት ዓመት ዲመን 170 ተብለው 1,025 ደረሱ። በዚህ ሁሉ ጉልበት ምን ሠሩ? በአብዛኛው ከትራፊክ መብራት እስከ ትራፊክ መብራት ተሽቀዳደሙ፤ ጎማ አቃጠሉ። ሙት ወቃሽ አትበሉኝ።

ባደረባቸው የጭስ ሕመም ምክንያት ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሐኪሞቻቸው ስለ ብክለት ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ስለነበሩ ተስፋው ከመጀመሪያውም የመነመነ ነበር። ዶጅ ሰባት ዓይነት የስንብት እትም አውጥቶ በደንብ ሸጠላቸው፤ የራሳቸውን መታሰቢያ በቁማቸው ቸበቸቡት ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2023 የመጨረሻዋ ጥቁር ዲመን 170 ከብራምፕተን ወጣች።

ያሳፈረው ነገር የመጣው ከዚያ በፊት ነው። ሟች ገና ነፍሳቸው ሳይወጣ፣ ነሐሴ 2022 ላይ፣ ሚሺጋን ውስጥ በፖንቲያክ ከተማ ዶጅ ወራሹን አደባባይ አወጣው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የቻርጀር ናሙና። መልኩን ማንም አልጠላውም። እንዲያውም ሁለት በር ነበረው፤ በ2005 ቻርጀር አራት በር ሆኖ ሲመጣ «ይህ የቤተሰብ መኪና ነው» ብለው ያለቀሱት ሰዎች ሊደሰቱ ይገባ ነበር። አላዩትም። (በሰማንያዎቹ ቻርጀር የሚለውን ስም የተሸከመው በፊት ጎማ የሚጎተት ባለ አራት ሲሊንደር ትንሽ መኪና እንደነበርም ዛሬ የሚያነሳ የለም። የሟች ዘመድ ሁሉ በቀብር ላይ አይጠቀስም።)

ለቅሶው የተነሳው ወራሹ አፉን ሲከፍት ነው። ባትሪ አይጮህም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከኋላው ማጉያና የድምፅ ቧንቧ ገጠሙለት፤ እስከ 126 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ከሄልካት አያንስም ተባለ። እኛ አገር ለቅሶ ሲደርቅ አስለቃሽ ይጠራል፤ ሟችን ባታውቀውም ዘሩን ቆጥራ፣ ጀብዱውን አንስታ ድንኳኑን በእንባ ታጥባለች። ዶጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ አስለቃሿን በወራሹ ሆድ ውስጥ አስገብቶ «እሱ ራሱ ነው የሚያለቅሰው» ማለቱ ነው። እንባ የሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ በዚህ አይታለልም። ድምፅ የለሽ ቢመጣ ዝም የሚሉ ነበሩ፤ አስመሳይ ድምፅ ሲሰሙ ግን ተዋረድን አሉ።

እዚህ ላይ ከለቀስተኞቹ ጋር ነኝ፤ በግማሽ። የሟች ድምፅ የሥራ ድምፅ ነበር፤ ቤንዚን ሲፈነዳ፣ ብረት ሲገፋ የሚወጣ። ቢሆንም እሱም በማርሚታ ተቃኝቶ፣ ገዢን እንዲያስደነግጥ ተመዝኖ የተለቀቀ መሆኑን መርሳት የለብንም። ፍጥነት ከሆነ ጥያቄው፣ ወራሹ አልሰነፈም፤ ገበያ ላይ ሲወጣ ከ2,600 ኪሎ በላይ እየመዘነ በ670 የፈረስ ጉልበት ይስፈነጠራል። ማንም ስለ ፍጥነት አላለቀሰም።

ከብራምፕተኑ ስንብት አንድ ወር በኋላ፣ ጥር 2024 ላይ፣ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከለከለች። ስለ ሞተር ድምፅ ድንኳን የጣለ አላየሁም። የእኛ ሰው የጠየቀው ስንት ይሸጣል፣ የትስ ቻርጅ ይደረጋል ብሎ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው የንባቡ ክፍል ደርሻለሁ። ለወራሹ ለቻርጀር ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ወንድም መጥቶለታል፤ እስከ 550 የፈረስ ጉልበት ያለው። ለቀስተኛው ግን ሁለት ሲሊንደር ጎደለ ብሎ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ነው። ሟች ደግሞ በሰኔ 2025 ተነስተዋል። የራም ድርጅት ኃላፊ ቲም ኩኒስኪስ ሄሚን ከፒካፑ ማስወጣታችን ስሕተት ነበር ብሎ በግልጽ አምኖ፣ ለ2026 ራም 1500 ፒካፕ መለሳቸው። በ2003 እንደተነሱት፣ አሁንም የተነሱት በዚያው ፒካፕ ኮፈን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሰልስት የለም፤ አርባም አይወጣም። ከሞት የተመለሱት አቶ ሄሚ 395 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ በዚያው መኪና ላይ የሚቀርበው ስድስት ሲሊንደር 420 አለው። በ2025 ሲመለሱ እሳቸውን የፈለገ ግን 1,200 ዶላር ይጨምር ነበር፤ ሰውም ጨመረ። የእድር ሰዎች፣ ድንኳኑን ንቀሉ፤ የከፈላችሁት መዋጮ አይመለስም።