ዘመድ ደርዳሪ

ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ» እላለሁ። የሚከተለውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «አይ የታደልክ! በየሳምንቱ ሠርግ፣ በየሳምንቱ ቁርጥ!» ቁርጡን የማውቀው በሌንስ በኩል ብቻ መሆኑን ለማን ልንገር? ለእኔ ተራ ሲደርስ የሚጠብቀኝ አዋዜው ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ ካሜራ አንጠልጥዬ ስዞር የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሥራዬ ብርሃን መለካት አለመሆኑ ነው። ብርሃኑን ካሜራው ይለካዋል። የእኔ ሥራ ዘመድ መደርደር ነው። የእናት ወገን በየት በኩል ይቁም? ከእንጀራ እናቲቱ አጠገብ ማን ይሁን? በውርስ የተካሰሱት ወንድማማቾች መካከል ስንት ሰው ይግባ? ይህን የሚለካ መሣሪያ ጃፓኖቹ እስካሁን አልሠሩልንም።

ሥራውን የለመድኩት ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። አለቃዬ የሙያውን ዘር ሲቆጥሩ ከአርመኖቹ ይጀምሩ ነበር። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው የኋለኞቹን ነገሥታት አንስተዋል። አለቃዬ ግን የሚቀኑባቸው በጥበባቸው አልነበረም። «ንጉሥ ማንሳት ምን ይከብዳል?» ይሉን ነበር። «ማን የት እንደሚቆም አጋፋሪው ጨርሶልህ ነው የምትደርሰው። ሠርግ ቤት አጋፋሪ የለም። አጋፋሪው አንተ ነህ።»

ያኔ ለአንድ ሠርግ የሚሰጠኝ ሦስት ጥቅል ፊልም ነው። አንዱ 36 ያነሳል፤ ሲደመር 108። ከዚህ ላይ የቀለበቱ፣ የኬኩ፣ የመኪናው፣ የወላጆቹ ሲነሣለት ለአክስትና ለአጎት የሚተርፈው ከአሥር አይበልጥም። አክስትና አጎት ደግሞ በኛ አገር ከአሥር አያንሱም። ስለዚህ አለቃዬ መላ ነበራቸው። አንገቴ ላይ ሁለት ካሜራ ያንጠለጥሉልኛል። አንዱ ፊልም አለው፤ ሌላው ባዶ ነው። «እስቲ እኔን ከነልጆቼ አንዴ!» የሚል ሲመጣ ባዶውን አነሳለሁ። ፍላሹ ቦግ ይላል፤ ሰውየው ክራቫቱን ያስተካክላል፤ «ተባረክ ልጄ» ይባላል። ከወር በኋላ «የኛስ ፎቶ?» ብለው ከመጡ አንዲት ቃል አለች፤ «ተቃጠለ»። ፊልም እንደሚቃጠል አገር ያውቃል። ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ያዝኑልናል።

ዲጂታል ሲመጣ ሁሉም ሥራው ቀለለልህ አለኝ። ካሜራው ጀርባ ላይ ትንሽ መስኮት እንዳለች ልብ ያለ አልነበረም። ከዚያች መስኮት ጋር «እስቲ አሳየኝ» የምትል ቃል መጣች፤ ባዶ ካሜራ የሚባል ነገር በዚያው አበቃለት። ዛሬ ሁሉንም አነሳለሁ፤ ለሁሉም አሳያለሁ፤ ሁሉም «አይ፣ እንደገና፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ» ይለኛል።

ባለፈው ከፋሲካ በኋላ ያነሳሁትን ሠርግ ላውራችሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሌላው ሰው ከሥጋና ከወተት ሲጾም እኔ ከገንዘብም እጾማለሁ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያገባል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሙሽራው ቤት ደረስኩ። ሙሽራውና አምስት ሚዜዎቹ ሁሉም ባለዲግሪ ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ሁለት አለው። ከመካከላቸው ክራቫት ማሰር የሚችል ግን የለም። ይህን ስለማውቅ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ከሌንስ መጥረጊያው ጎን መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ የጫማ ብሩሽና የራስ ምታት ክኒን አይጠፋም። ስድስት ክራቫት አሰርኩ። ሰባተኛው የአባትየው ነበር፤ «እኔ በራሴ» ብለው ከሩብ ሰዓት ትግል በኋላ ዝም ብለው አንገታቸውን ሰጡኝ።

ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ዘፈኑ ቀልጧል። እዚህ ላይ የእኔ ችግር ለየት ይላል። ከሚዜዎቹ ጋር ውጭ ከቀረሁ የማነሳው ጀርባ ነው። ቀድሜ ገብቼ በሩ ሲከፈት ከፊት መጠበቅ አለብኝ። «ፎቶ አንሺ ነኝ፣ አሳልፉኝ» ስል ልጃገረዶቹ አፍጥጠው አዩኝና «የእነሱ ነህ የእኛ?» አሉኝ። የሁላችሁም ነኝ ብል የሚሰማ የለም። 500 ብር ከፍዬ ገባሁ። ሥራ ቦታው ለመግባት የሚከፍል ሌላ ባለሙያ ካወቃችሁ ንገሩኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሚዜ እንደ ወጉ ሽቶ እየረጨ ገባ። ደስ የሚል ልማድ ነው፣ ሌንስ ላላቸው ሰዎች ካልሆነ በስተቀር። አንዷ ፍንጣሪ መጥታ ልክ መሐል ላይ አረፈች። ለመጥረግ ጊዜ የለም፤ ሙሽራው ሙሽራዋን በቬሎ ሲያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድገመው አይባልም። አነሳሁ። ሙሽራዋ በጉም ውስጥ እንደቆመች ሆና ወጣች። አልበሙ ሲደርስ ሁሉም ያደነቀው ያንን ነው። «ይሄን እንዴት አድርገህ ነው ሕልም ያስመሰልከው?» አሉኝ።

«ልምድ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ጉልበት መሳም መጣ። ስለዚህ ነገር መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል። ሙሽሮቹ ጎንበስ ይላሉ፤ ከንፈራቸው ጉልበት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ሽማግሌው «ኧረ አይገባም፣ ተነሡ!» ብለው ትከሻቸውን ይዘው ያነሷቸዋል። ጨዋነት ነው። እኔ ግን ወለል ላይ ተንበርክኬ የምይዘው ያልተሳመ ጉልበትና የሙሽራውን አናት ነው። አናቱ ላይ ፀጉሩ መሳሳት እንደጀመረ መጀመሪያ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሚስት የምታየው ኋላ ነው። የሙሽራዋ አያት ዘንድ ስንደርስ ዘዴ ላበጅ ብዬ «እማማ፣ እስኪስሙዎት ትንሽ ቢታገሡ» አልኩ። «ጉልበቴን አስሜ ልኮራ ነው እንዴ በዚህ ዕድሜዬ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወደ ታች ሲያዩ እኔም ፊታቸው ተንበርክኬያለሁ። እኔንም ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ውለድ ክበድ» ብለው መረቁኝ። አራት ልጅ አለኝ።

የፎቶ ፕሮግራሙ በቀትር ነበር። ሁሌም በቀትር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዱሮ ለሠርግ ፎቶ ብሔረ ጽጌ ወይም ግዮን ሆቴል ግቢ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ወዳጅነት ፓርክም እንጦጦም ተጨምረዋል። የቦታ ችግር የለብንም፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሚያዝያ ላይ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ ጫማው ሥር ይደበቃል። ሙሽራዋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተቀምጣ የተኳለችው ዐይን ጉድጓድ ይሆናል፤ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥልና ለሁሉም ጢም ያበቅልላቸዋል። «አሥር ሰዓት ላይ ብናደርገውስ?» እላለሁ በየሠርጉ። «አሥር ሰዓትማ አዳራሽ እንገባለን» እባላለሁ። አዳራሹ የሚገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

በዚህ ላይ ካሜራ የዋህ ነው። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ ቬሎ ሲያይ በዛብኝ ብሎ ያጠቁረዋል፤ ጥቁር ሱፍ ሲያይ አነሰኝ ብሎ ያነጣዋል። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲቆሙበት ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ መሐል ገብቼ ከዚህም ትንሽ ቀንሰህ ከዚያም ትንሽ ጨምረህ እያልኩ እንደ ሽማግሌ አስታርቃቸዋለሁ።

ከመናፈሻው አንዲት ያማረች ዛፍ ሥር አምስት ሙሽራ ወረፋ ይዟል። ሁሉም ቬሎ ነጭ፣ ሁሉም ሚዜ ሰማያዊ ሱፍ። ተራችን ደርሶ አነሳሁና ወደ መኪና ስንመለስ እንደ ልማዴ ሰው ቆጠርኩ። ሚዜዎቹ ስድስት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ስድስት። ጠዋት ያሰርኩት ክራቫት የሙሽራውና የአባትየው ሲቀነስ አምስት ነበር። አንዱ ልጅ የሌላ ሙሽራ ሚዜ ኖሯል። ማንም ምንም አላለውም፤ የሙሽራዋ ዘመዶች የሙሽራው ጓደኛ መስሏቸዋል፤ ሙሽራው ደግሞ የሙሽራዋ የአክስት ልጅ መስሎት ሁለት ጊዜ አቅፎታል። ልጁ ራሱ ያወቀው ስም ሲጠራ ነው። አሥራ አንድ ፎቶ ላይ አለ። የሚያናድደው፣ ከሁሉም አምሮ የወጣው እሱ ነው።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ዋናው ሥራ ጀመረ። የሙሽራዋ እህት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚነሣ 27 መስመር ተጽፏል። «እናትና አባት ከሙሽሮች ጋር»፣ «የእናት ወገን»፣ «የአባት ወገን»። ቀጥሎ ደግሞ «የአባት ወገን፣ ያለ እትዬ»። እትዬ ማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የአባት ወገን ሲጠራ ከሁሉ ቀድመው መድረኩ መሐል የቆሙትን፣ ሌላው ሁሉ አንድ እርምጃ የራቃቸውን ሴትዮ አየሁ። ያቺን ባዶ ካሜራ የዚያን ቀን ናፈቅኳት። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ እርስዎን ከሰው ጋር ቀላቅዬ ማንሳት ደስ አላለኝም፤ በኋላ ለብቻዎ ከሙሽሮቹ ጋር በወግ ላንሳዎት» አልኳቸው። ኮራ ብለው ወረዱ። በኋላም አነሳኋቸው። ከሙሽሮቹ መሐል ገብተው ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዘው የተነሡት ፎቶ ከሌሊቱ ሁሉ የተሻለው ነው፤ አልበሙ ውስጥ ግን የለም።

ስለ ቪዲዮው ልጅ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ስለኔ ጀርባ የሚያወራው ይኖረዋል። ከአሜሪካ ስለመጣችውና ትሪ በሚያህል ታብሌት ሙሉውን ሥርዓት ስለጋረደችብኝ አክስትም ዝም እላለሁ። ፎቶዎቿ ከኔ ቀድመው በዚያው ሌሊት ለዘመድ ሁሉ ደርሰዋል፤ የኔ ራሰ በራ በሦስቱ ላይ አለ።

አልበሙን በወር አደርሳለሁ ብዬ በሦስተኛው ወር አደረስኩ። (ይህ በሙያችን እንደ መዘግየት አይቆጠርም።) በማግሥቱ የሙሽራዋ አባት ደወሉ። ድምፃቸው ጥሩ አልነበረም።

«የጋሼ ፎቶ የለም።»

ጋሼ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ ተቀምጠው የተቀበሉት እሳቸው፣ «አስበን እንመልሳለን» ብለው ሦስት ጊዜ ያመላለሱት እሳቸው፣ በመጨረሻም ልጅቷን የፈቀዱት እሳቸው። እንዴት ሊሆን ይችላል? 2,600 ፎቶ አንስቻለሁ፤ አስተናጋጆቹ ሁሉ አሉ፤ ያ የሰው ሚዜ አሥራ አንድ ቦታ አለ። ዘመድ ደርዳሪው ዋናውን ዘመድ ጥዬ!

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ የማልሽረው ሕግ አለኝ፤ አፉ ውስጥ ምግብ ያለበትን ሰው አላነሳም። ጋሼ ደግሞ ከገባን ጀምሮ ቁርጥ ከሚቆረጥበት ጥግ አልተነቃነቁም። በተጠሩ ቁጥር ቢላዋውን ከፍ አድርገው «መጣሁ፣ መጣሁ» ይሉ ነበር።

«ጉርድ ፎቶ አላቸው፤ ከኮምፒውተር ላይ አስገባልን» አሉ አባትየው። ይህ ለኔ አዲስ አይደለም። ቪዛ ያልተሰጠውን ወንድም፣ ዱባይ ያለችውን እህት በጉርድ ፎቶ ሠርግ አስገብቻለሁ። ችግሩ ጉርድ ፎቶ እግር የለውም፤ ሰውየውን የምታቆመው ሰፋ ካለች አክስት ኋላ ነው። ፊቱም መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው ፊት ነው፤ ሁሉም እየሳቀ እሱ ብቻ ማኅተም ይጠብቃል። ለጋሼ ይህ አይመጥንም ብዬ 2,600ውን ፎቶ አንድ በአንድ እያሰፋሁ ማየት ጀመርኩ።

አገኘኋቸው። አንድ ቦታ አይደለም፤ 41 ቦታ። በሙሽሮቹ ትከሻ መሐል፣ ከአበባው ኋላ፣ ከእትዬ ነጠላ በላይ፣ ሁሌም ከሩቅ፣ ሁሌም ቢላዋ በእጃቸው። አብዛኛው ደብዝዟል። አንዷ ግን ልዩ ናት። ኬኩ ሲቆረስ ካሜራው፣ ዐይኑ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሙሽሮቹን ትቶ ወዲያ ማዶ ያለውን ጥግ አጥርቶ ይዟል። ከፊት ሁለት ነጭና ጥቁር ጥላ ይታያል። ከኋላ ጋሼ ጥርት ብለው ቆመዋል፤ ጎረድ ያደረጓትን ሥጋ ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ፣ ፈገግ ብለው። ሽማግሌ ፎቶ ላይ ሲስቅ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ሥጋው ላይ ያለው የስብ መስመር ሳይቀር ይቆጠራል።

አስፍቼ አተምኩት። ጋሼ ራሳቸው ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። እኔ ወቀሳውን እጠብቃለሁ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ቆንጆ አድርገህ አንስተኸኛል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጣታቸውን ሙሽሮቹ ላይ አሳርፈው «እነዚህን ከፊቴ የቆሙትን ግን ማጥፋት ይቻላል?»